ሐምራዊው ቀለም

ብዕር መሰብሰብ የጀመርኩት መጻፍ ባቆምኩበት ዓመት ነው። ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ነው። ፓሪስ እንደ መጣሁ በየሁለት ሳምንቱ ለእናቴ ደብዳቤ እጽፍ ነበር፤ በስስ ወረቀት፣ በሁለቱም ገጽ፣ ኅዳጉን ሳይቀር ሞልቼ። ኋላ የስልክ ካርድ ረከሰ። ቆይቶም ስልኩ ራሱ ፊት የሚያሳይ ሆነና እናቴ «ፊትህን እያየሁ ወረቀቱ ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። ደብዳቤው ቀረ። የደብዳቤው ሰዓት ግን አልቀረም፤ እሁድ ጠዋት ከቡና በኋላ እጄ ሥራ ይፈልግ ነበር። ሥራ የፈታ እጅ ኪስ ይገባል፤ ኪስ የገባ እጅ ደግሞ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። የፖርት ደ ቫንቭ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ደንበኛ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ገበያው ቅዳሜና እሁድ ማለዳ በእግረኛው መንገድ ላይ ይዘረጋል። የሟች ቤት ሲከፈት የሚወጣ ነገር ሁሉ አለበት፦ ጓደኞቹ የጠፉ የብር ማንኪያ፣ አንድ ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት፣ በማን ደረት ላይ እንደ ነበረ የማይታወቅ ኒሻን፣ በሪባን የታሰረ የሰው ደብዳቤ። ብዕሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ። ሻጩ ዋጋቸውን የማያውቅ ይመስላል። ገዢውም የማያውቅ ይመስላል። ይህ የሁለት ወገን ማስመሰል የገበያው ሕግ ነው። ሕጉን ስማር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ወዴት እንዳደረሰኝ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ብዕሬ «ባያር» የሚባል ነበር፤ ጥቁር፣ በክዳኑ ላይ ወርቃማ ቀለበት ያለበት። ስሙ በ1524 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጦር ሜዳ የሞተው ባላባት ስም ነው፤ ፈረንሳዮች «ፍርሃትም ነውርም የሌለበት» ይሉታል። የእኔው ባያር ፍርሃት አልነበረበትም። ነውር ግን ነበረበት፤ በሁለተኛው ቀን የነጭ ሸሚዜን ኪስ በቀለም አጠበው። ሸሚዙን ጣልኩት፤ ብዕሩን አልጣልኩትም። መለከፌን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ለምን የፈረንሳይ ብዕር ብቻ?» የሚሉኝ አሉ። ጀርመኖችም አሜሪካኖችም ድንቅ ብዕር ሠርተዋል፤ አልክድም። የፈረንሳዩን የሚለየው አንደኛ ወርቁ ነው። በዚህ አገር ሕግ ለረጅም ዘመን ከ18 ካራት በታች የሆነ ነገር «ወርቅ» ተብሎ አይሸጥም ነበር፤ ሕጉ የላላው በ1994 ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ባለ 14 ካራት ጫፍ የሚሸጥ ብዕር እዚህ ሲሠራ ጫፉ ባለ 18 ይሆናል። በዚያች ከጥፍር በምታንስ ወርቅ ላይ በማጉያ መነጽር ብቻ የምትታይ የንስር ራስ ትቀረጻለች፤ ከ1838 ጀምሮ የመንግሥት የወርቅ ማረጋገጫ ምልክት ነች። አንድ አሮጌ ብዕር አንስቼ መነጽሩን ዓይኔ ላይ ስደፋና ያች ንስር ስታየኝ የሚሰማኝን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም።

ሁለተኛው ልስላሴው ነው። የፈረንሳይ ተማሪ ለብዙ ትውልድ የሠለጠነው ወደ ታች ሲያወርድ አወፍሮ፣ ወደ ላይ ሲመለስ አቅጥኖ እንዲጽፍ ነው። መጻፊያው ቀለም ውስጥ እየተነከረ የሚጽፍ የብረት ጫፍ ነበር፤ በ1846 በወደብ ከተማዋ በቡሎኝ ሱር ሜር የተቋቋመው የብላንዚ ፑር ፋብሪካ የሚሠራውን «ሰርዣን ማዦር» ያልነከረ የዚያ ዘመን ተማሪ ከስንት አንድ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው አድጎ ቀለም የሚሞላ ብዕር ሲገዛም የሚታዘዝለት ጫፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ የፈረንሳይ ብዕሮች ጫፋቸው ሲጫኑት ይከፈታል፤ ሲለቁት ይገጥማል። እስትንፋስ ያለው ይመስላል።

ቀለምን በሆዱ ይዞ ለሚዞር ብዕር ፓሪስ የፈጠራ መብት የሰጠችው ገና በ1827 ነው። ያገኘው ግን ፈረንሳዊ አልነበረም፤ ፔትራኬ ፖዬናሩ የሚባል ሮማንያዊ ተማሪ ነበር። ማስታወሻ ሲይዝ አሁንም አሁንም ቀለም መንከር ሰልችቶት እንደ ሆነ እገምታለሁ። አገሩን ትቶ የመጣ ተማሪ መሆኑ በግል ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የዋተርማን ነው። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 ኒው ዮርክ ላይ ለቀለም ብዕሩ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ስሙም ዓለምን ዞረ። በፈረንሳይ ብዕሩን ያስፋፋው ዡል ፋጋር በ1926 የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በስሙ መነሻ ፊደላት «ጂፍ» አለው፤ «ጂፍ ዋተርማን» የሚባሉት ብዕሮች የተወለዱት ከዚያ ነው። እንግዲህ ይህ የጉዲፈቻ ልጅ መሆኑ ነው። ወላጁ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እየደከመ ሄደ፤ በ1958 ደግሞ ቢክ ገዛው። ልጁ ግን ስሙን ይዞ ኖረ። ዛሬ ዋተርማን ሲባል ሰው የሚያስበው የፈረንሳይ ብዕር ነው።

ቢክ ማለት ያው የእኛው ቢክ ነው። ማርሴል ቢሽ የተባለ ሰው ከፓሪስ አፍንጫ ሥር ባለችው በክሊሺ ሆኖ በ1950 መጨረሻ ርካሹን ባለ ኳስ እስክሪብቶ ሲያወጣ ከስሙ መጨረሻ አንድ ፊደል ጣለና ቢክ አለው። እኔ ቢክ የሰው ስም መሆኑን በልጅነቴ ማን ነግሮኝ! ሰማያዊ ቢክና ቀይ ቢክ እንደ ጨውና በርበሬ የዕቃ ስም ይመስሉኝ ነበር። ብዕር የሚሰበስብ ሰው ቢክን መጥላት አለበት ይባላል፤ የቀለም ብዕርን ከሰው ኪስ ያስወጣው እሱ ነውና። አልጠላውም። የማለፊያ ፈተናዬን ሁሉ የተፈተንኩት በእሱ ነው፤ ብርድ ጠዋት አልጽፍ ሲለኝም በመዳፎቼ መሐል እያሸሁ አሙቄዋለሁ።

ጂፍ ካወጣቸው ነገሮች መካከል አንዱን ለይቼ መናገር አለብኝ፤ የቀረው ታሪኬ በእሱ ላይ ስለሚያርፍ። ከእሱ በፊት ብዕር የሚሞላው ከቀለም ጠርሙስ ነበር፤ አብዛኛውም በሆዱ የላስቲክ ከረጢት ነበረው። ጂፍ በ1930ዎቹ አጋማሽ ቀለሙን በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ አሽጎ መሸጥ ጀመረ፤ ያለቀውን አውጥቶ አዲሱን መሰካት ነው። ፕላስቲኩ የመጣው ኋላ በ1950ዎቹ ነው። ፈረንሳዮች ይህን ቱቦ «ካርቱሽ» ይሉታል፤ ለጥይትም የሚጠሩበት ስም ነው። ስለዚህ እኔ ቀለሃ እለዋለሁ።

በሰባት ዓመት ውስጥ 41 ብዕር ሰበሰብኩ። ስቲሎሚን፣ ጎልድ ስታሪ፣ ሜቴዮር፣ ኤዳኮቶ፤ ስማቸውን ስጠራ የወዳጆቼን ስም የጠራሁ ይመስለኛል። መጠገንም ተማርኩ። የደረቀ የላስቲክ ከረጢት በብዕሩ ሆድ ውስጥ እንደ ተቆላ ሽምብራ ይንኳኳል፤ እሱን ፈልፍሎ አውጥቶ አዲሱን በሼላክ ማጣበቅ ነው። ኤቦናይት ፀሐይ ሲመታው ጥቁረቱ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ሴሉሎይድ ክዳኑን ሲከፍቱት ካምፎር ካምፎር ይላል። ጋላሊት ከወተት የሚሠራ ነው፤ ከውሃ ጋር አይስማማም። ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። ብርቱካንማና ጥቁር የሆነ ውብ ብዕር ይታጠብልኝ ብዬ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት አብጦና ተጣሞ እንደ ደረቀ ቃሪያ ሆኖ አገኘሁት። እስካሁን አለ፤ ስኮራ አየዋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ቤቴ የመጣ ወዳጄ መሳቢያዬን ከፍቶ ሁሉንም አየና «በየትኛው ነው የምትጽፈው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እያንዳንዱን ጠግኜ፣ ሞልቼ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጥምዝ መስመር ሞክሬ፣ አጥቤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የምጽፈው በኮምፒዩተር ነበር። ጎበዝ ፈረስ ገራፊ ነኝ እያለ አንድ ቀን ኮርቻ ላይ ያልወጣ ሰው ሆንኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

በገጠር ከተሞችና መንደሮች ነዋሪው በዓመት አንድ ቀን ቤቱ የተከማቸውን ዕቃ አደባባይ አውጥቶ የሚሸጥበት ልማድ አለ። «ቪድ ግርኒዬ» ይሉታል፤ ቆጥ ማራገፍ እንደ ማለት ነው። ሰብሳቢ ሰው ይህን ቀን እንደ ጥምቀት ይጠብቀዋል፤ የፓሪሱ ነጋዴ ያላየው ዕቃ ያለው እዚያ ነውና። በነሐሴ መጨረሻ በቡርጎኝ ወደምትገኝ አንዲት መንደር በባቡር ወረድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥላ ሥር አንዲት ባልቴት ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሳህኖች፣ የተረተረ ሹራብ ክር፣ የግድግዳ ሰዓት። ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ውስጥ ደግሞ ከሁለት ቢክና ከአንድ መቀስ ጋር አንድ ብዕር ቆሟል። ከሩቅ በማንጠልጠያው ለየሁት። ጂፍ ዋተርማን ነበር፤ አረንጓዴ ሴሉሎይድ፣ እንደ እብነ በረድ ጅማት የሚታይበት። አነሳሁት፤ ክዳኑን ፈታሁ፤ መነጽሩን ከኪሴ አላወጣሁም፤ ንስሯ እንዳለች አውቄያለሁ።

«ስንት ነው?» አልኩ።

«አይጽፍም» አሉኝ። «አምስት ዩሮ ይበዛበት ይሆን?»

ሰማንያ ቢሉኝ እከፍል ነበር። ቫንቭ ላይ ከመቶ በታች አይገኝም። ግን የገበያው ሕግ ትዝ አለኝ፤ ፊቴን አኮሰስኩና ብዕሩን እንደማይረባ ነገር ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ «ይሁን፤ ለልጆቼ መጫወቻ ይሆናል» አልኩ።

ልጅ የለኝም።

ባልቴቲቱ አምስቱን ዩሮ ተቀብለው ብዕሩን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለሉልኝ። ሲሰጡኝ «ባለቤቴ መምህር ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቶሎ መሄድ ፈልጌ ነበር።

በመልስ ባቡር ውስጥ ግማሹን መንገድ በደስታ ሄድኩ፤ ግማሹን ግን ያ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነው የደረስኩት። ርካሽ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው የጠሩትን ከፍያለሁ፤ ብዕሩ ባልገዛው ቆሻሻ ውስጥ ይወድቅ ነበር። እነዚህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። የሚገርመው አምስቱ ዩሮ ሳይሆን የሌሉት ልጆች ናቸው ያስቸገሩኝ። ዋጋውን ዝም ማለት ይቻል ነበር። ልጆች መፍጠር ግን ምን አስፈለገኝ?

ቤት ገብቼ ብዕሩን ስፈታው የብርጭቆው ቀለሃ ሳይሰበር በሆዱ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ቀለሃ በሙሉ ጤንነቱ ማግኘት ብርቅ ነው። ታችኛው ክፍል ላይ ቀለም ደርቆ ተጣብቋል፤ ጥቁር የሚመስል፣ መብራት ሲያገኘው ግን እንደ ጥንዚዛ ክንፍ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ። ለብ ያለ ውሃ በመርፌ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከሥሩ እንደ ጭስ ቀጭን ነገር ተነሣ፤ ውሃው ቀስ በቀስ ሐምራዊ ሆነ።

ሐምራዊ የፈረንሳይ ተማሪ ቤት ቀለም ነው። በእንጨቱ ጠረጴዛ ቀዳዳ ውስጥ በምትቀመጥ ነጭ የሸክላ ዋንጫ ይሞላ ነበር፤ ጣትም ከንፈርም የሚያቀልም። ለእኔ ለሐበሻው ግን ሐምራዊ ማለት ማኅተም ነው። የብራና ጸሐፊው ጥቁርና ቀይ ነው የሚያውቀው፤ ጥቁሩን ለቃሉ፣ ቀዩን ለቅዱሳኑ ስም። ሐምራዊው ግን የቢሮ ነው፤ ክብ ሆኖ፣ ዙሪያው በጽሑፍ ተከብቦ፣ በወረቀት ግርጌ የሚያርፍ። የአባቴን ጡረታ ያጸደቀው፣ የእኔን መሸኛ ያተመው ሐምራዊ ነው። ሳየው እስካሁን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

ብዕሩን ገጠምኩና ወረቀት ላይ አሳረፍኩት። ቧጠጠ። ጫፉን በማጉያ ሳየው የተሰበረ ነገር የለም። በወርቁ ጫፍ ላይ የምትበየደው ጠንካራ ፍሬ ግን ወደ ግራ ጎኗ ተበልታለች። ሰው ለሠላሳ ዓመት በአንድ ብዕር ሲጽፍ የብረቱ ፍሬ እንኳ ለእጁ አያያዝ ይሸነፋል፤ እንደ ጫማ ተረከዝ። መምህሩ ብዕሩን ወደ ግራ አዘንብሎ ይዞት ኖሯል ማለት ነው። እንደሱ አዘንብዬ ስሞክረው በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ሆነ። ቀጥ ሳደርገው ቧጠጠ። መልሼ ሳዘነብለው ለሰለሰ።

እንዲህ ሲሆን ሰብሳቢ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሥር ደቂቃ አሽቶ ጫፉን ለራሱ እጅ ያስተካክለዋል። ብርጭቆ ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን እዚያው ዋለ፤ ከዚያ ወደ መሳቢያው መለስኩት። አምስት ዩሮ የገዛልኝ ብዕሩን ነው፤ የሰውየውን እጅ የመፋቅ ፈቃድ የገዛልኝ አልመሰለኝም።

ስለዚህ በእሱ አያያዝ መጻፍ ጀመርኩ። አንጓዬን አጣምሜ፣ ክርኔን አንስቼ። እጄ ሳላዘው የጻፈው ይህን ነበር፦ «ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።» ለሰባት ዓመት ያልጻፍኩት መክፈቻ ነው። ከዚያ ቆምኩ። ደኅና መሆኔን ትናንት ማታ በስልክ አይታለች። ሌላ ምን እላታለሁ?

ይልቅ ፊደሉን አየሁት። መቃ ብዕር ሰፊ ሆኖ ስለሚቀረጽ ውፍረቱን የሚያመጣው የተቀረጸበትና የሚያዝበት ማዕዘን ነው፤ መጫን አይጠይቅም። የፈረንሳዩ ጫፍ ግን የሚወፍረው ሲጫኑት ብቻ ነው። የላቲኑ ፊደል ከጓደኛው ጋር እየተያያዘ ሲወጣ ሲወርድ ውፍረትና ቅጥነት ይፈራረቃሉ። የእኛ ፊደል ለየብቻው የቆመ፣ አብዛኛው መስመሩም ወራጅ ነው። ስለዚህ «ለ» ሁለት ከባድ ጫማ ያደረገ ሰው መሰለ፤ «ጠ» ደግሞ ሦስት። የኃምሱ ቀለበት፣ የ«ሴ»፣ የ«ቤ»፣ ትንሽ ከተጫኑት በቀለም ይደፈናል። አንድ ምሽት ሙሉ ቀለበት ሳልጫን ማዞር ስለማመድ አመሸሁ። ዕድሜዬን የጻፍኩትን ፊደል እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ወደዚያች መንደር ተመለስኩ። 75 ዩሮ በፖስታ አድርጌያለሁ፤ ብዕሩ በደረት ኪሴ ነው። ባልቴቲቱ በዚያው ጥላ፣ በዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሰዓቱ አልተሸጠም። ቀርቤ ሰላምታ ስሰጥ ቀና ብለው ትንሽ አዩኝና «ልጆቹ ወደዱት?» አሉኝ።

በመንገድ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። «ልጆች የሉኝም» አልኩ። «ዋጋውን ዐውቄ ነው ያታለልኩዎት። የሚበዛውን ይዤ መጥቻለሁ።» ፖስታውን ዘረጋሁ።

ባለቅስ፣ ወይም እምቢ ቢሉኝ፣ ወይም «አንተ ደግ ሰው» ብለው ቢስሙኝ ታሪኩ ያምር ነበር። ባልቴቲቱ ፖስታውን ከፈቱና ገንዘቡን ቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ጥሩ፤ የማሞቂያው ሒሳብ ሊመጣ ነው» አሉ። ከዚያ ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው አሳዩኝ።

«ያን ብዕር አልወደውም ነበር» አሉኝ ስቀመጥ። «ከመምህራን ማሠልጠኛ ሲወጣ አባቱ የሰጡት ነው። እሁድ ማታ የሠላሳ ልጅ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ይከምራል። በየደብተሩ ገጽ ራስጌ አንድ መስመር በዚያ ብዕር አሳምሮ ይጽፋል፤ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ያንን እያዩ እንዲገለብጡ። የሠላሳውን ልጅ። እኔ እሁድ ማታ ባል አልነበረኝም። የጠረጴዛ ልብሶቼን ሁሉ ሐምራዊ አድርጓቸዋል።»

ቢክስ አልነበረም ወይ አልኳቸው። ሳቁ። «ሚኒስቴሩ በ1965 ለተማሪ ቤት ፈቅዷል። እሱ ግን አልፈቀደም። የመጨረሻ ዓመቱ ላይ እንኳ ቀለሃውን ከጠርሙስ በጠብታ እየሞላ ነበር የሚጽፍ፤ የሚሸጥ ቀለሃ ከጠፋ ቆይቷል።»

ብዕሩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በፖስታው ጀርባ ላይ አንድ መስመር ሞከሩ፤ ቧጠጠባቸው። እኔ የመማሬን ማሳያ ጊዜ አገኘሁ ብዬ «እንዲህ አዘንብለው ይያዙት» ብዬ አንጓዬን አጣምሜ አሳየኋቸው። በጣም አዩኝ።

«እጁን አልነበረም የሚያጣምመው» አሉ። «ወረቀቱን ነበር።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ወደ ግራ አዞሩት፤ ክንዳቸው ተከትሎ ዞረ፤ ብዕሩም በእጃቸው ውስጥ በራሱ ዘንበል አለ። ሲጽፉ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የጻፉት የሚገዙትን ነው፦ ዳቦ፣ ቅቤ፣ የሰዓት ባትሪ። ፖስታውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ብዕሩን መለሱልኝ። እንድወስደው ብለምናቸው እንኳ የሚቀበሉት አይመስልም ነበር፤ የጠረጴዛ ልብስ ያስባሉ።

ፓሪስ ተመልሼ ቀለሃው ላይ የቀረችውን ቀለም በጥቂት ውሃ አሟሟሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ስጨምርበት ስለ ነበር ደምቆ አልወጣም፤ የደበዘዘ ሐምራዊ ነው። ወረቀቱን ወደ ግራ አዞርኩ። «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብዬ ጀመርኩና ይህን ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ጻፍኩላት፤ አምስቱን ዩሮ፣ የሌሉትን ልጆች፣ የማሞቂያውን ሒሳብ። በስልክ ፊት ለፊት ልነግራት የማልደፍረው ነገር ነበር። አምስት ገጽ ሆነ። በአምስተኛው ገጽ ላይ ቀለሙ ለማንበብ የሚያስቸግር ሆኖ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ደወለች። ፊቷ አልታየኝም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች።

«ደብዳቤ ደረሰኝ» አለች። «በዚያ ቀለም ስትጽፍ የቀበሌ መስሎኝ እንዴት እንደ ደነገጥኩ! ለጎረቤት ሳላሳይ መክፈትም ፈርቼ ነበር።»

«አነበብሽው?» አልኳት።

«ፖስታውን አሁን ገና ነው የቀደድኩት። መነጽሬን ልፈልግ፤ እንዳትዘጋው።»

ወንበር ስትገፋ፣ መሳቢያ ስትከፍት ሰማሁ። ከዚያ ወረቀቱ ሲዘረጋ ተንኮሻኮሸ፤ ጉሮሮዋን ጠረገችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከ«ይድረስ» ጀምራ ታነብልኝ ጀመር።